ሸራ ሰፊውና ጨለማው

ከከተማዋ መውጫ፣ የጭነት መኪኖች ከሚያድሩበት ሜዳ አጠገብ፣ ጣሪያውን ዝገት የበላው አንድ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ሾፌር የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። እዚያ ውስጥ ሚስት ትቆርጣለች፣ ባል ይሰፋል። ባልየውን "ጋሽ ሸራ" ይሉታል፤ ዕድሜውን የመኪና ሸራ ሲሰፋ ስለጨረሰ። ሚስትየውን ደግሞ "እትዬ መቀስ" ይሏታል። ለዚህ ስም ምክንያቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ሥራዋ ነው፣ ሌላውን ለማወቅ ትንሽ ጨዋታ መጀመር ይበቃል።

በሸራ ሰፊዎች ዘንድ አንድ ሕግ አለ። የትም አልተጻፈም፤ ከተጻፉት ሁሉ የበለጠ የሚከበረውም ለዚህ ይመስለኛል። ሸራው አልቆ ባለመኪናው ሊረከብ ሲመጣ፣ ሸራው በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሰፊው በቀትር ፀሐይ ከሥሩ ገብቶ አንጋጦ ያያል። ብርሃን የገባበት ዝናብም ይገባበታል። ቀዳዳ ካየ ይደፍናል፤ ካላየ ወጥቶ እጁን ያራግፍና "ንጹሕ ነው" ይላል፤ በቃ፣ አለቀ። ሌላ ሰው ልየው ብሎ ከሥር አይገባም። ገብቶ ቢገኝ ሰፊው ሸራውን ለሁለት ቢቀደው የሚፈርድበት የለም። ከሰው አፍ ጉርሻ ነጥቆ ጨው በዝቶበት እንደሆነ እንደመቅመስ ያለ ነውር ነው። ሚስትም ብትሆን ያው ናት። እትዬ መቀስ ሠላሳ ዓመት አብራው ስትሠራ፣ በሁሉም ነገር ጣልቃ ስትገባ፣ አንድ ቀን ከባሏ ሸራ ሥር ገብታ አታውቅም።

ባለፈው ዓመት ጋሽ ሸራ "ክር ልገዛ ነው" ብሎ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ። ክር ገዝቷል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከክሩ በፊት ግን የዓይን ክሊኒክ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ አገጩን ብረት ላይ አስደግፎ በመብራት ሲያየው ቆየና፣ "የዓይን ግፊት ነው፤ ከዳር ከዳር እየበላ ነው የመጣው" አለው። "የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ይህን ጠብታ ጠዋትና ማታ ያድርጉ። ደብዘዝ ባለ ብርሃን ደግሞ ዓይንዎን ብዙ አይመኑት።" ጋሽ ሸራ አመሰገነ፣ ክሩን ገዛ፣ ቤቱ ሲደርስ ጠብታውን ከማሽን ዘይትና ከተሰበሩ መርፌዎች ጋር በአንድ ጣሳ ውስጥ ሸሸገው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሱ መድኃኒቱንም አብሮ ስለደበቀ ተረቱ እሱን የሚመለከት አልመሰለውም።

የሚስቱን ምላስ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ። ምላሷን ለምዶታል፤ እንዲያውም ሳትቆጣው የዋለች ቀን ነገር ዓለሙ ይጠፋበታል። የፈራው ምላሷ እንዳይለዝብ ነው። አንድ ቀን መርፌውን ከእጁ ወስዳ፣ በለሆሳስ፣ "ተወው፣ እኔ አደርገዋለሁ" ብትለው ያኔ አበቃለት። እሷ የምትቆርጥ፣ እሱ የሚሰፋ መሆናቸው ቀርቶ እሷ መሪ፣ እሱ በእጅ ተይዞ የሚሄድ ሽማግሌ ሊሆን ነው። ስለዚህ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ብለው ያስተማሩት አባቱ ናቸው።

በዚያው ክረምት አንድ ሾፌር በጋሽ ሸራ ሸራ ሲሚንቶ ሸፍኖ ሄደና ድንጋይ ይዞ ተመለሰ። ጋሽ ሸራ ሸራውን በጣቱ ዳበሰና "አይጥ ነው" አለ። ሾፌሩም የሸራ ሰፊን ቃል መጠራጠር ነውር ስለሆነ፣ "አይጥ ይሆናል" ብሎ ተስማማ። ሌላ በነፃ ተሰፋለት።

ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ ከተማዋ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ከከተማዋ በላይ፣ ለሣርም ለእህልም ያልሆነ፣ ነፋስ ብቻ የሚፈነጭበት ከፍ ያለ ሜዳ አለ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ሜዳ በፍቅር ዓይን አዩት። ነገሩ እንዲህ ነው ብለው ለሕዝብ አስረዱ፦ ከሩቅ ጠፈር፣ ከየት እንደተነሳ ገና በውል ያልታወቀ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሌት ተቀን በምድር ላይ ይዘንባል፤ በጣሪያውም፣ በሰውም አካል ያልፋል። ከሕዝቡ አንዱ "ያማል ወይ?" ብሎ ጠየቀ። አያምም አሉ። "እንግዲያስ ምን ቸገራችሁ?" አለ ሌላው። ይህ ጥያቄ በይደር ታለፈ።

ብናኙ የሚያዘው በውሃ ነው። ሜዳው ላይ ክብ ክብ የቆርቆሮ ግድግዳዎች ይተከላሉ፤ በየውስጣቸው ቤት የሚያህል ጥቁር ከረጢት ይቀመጥና በተጣራ ውሃ ይሞላል። ብናኙ በውሃው ሲያልፍ ከእሳት ፍንጣሪ ያነሰች ሰማያዊ ብልጭታ ትቶ ያልፋል። ከላይ የተሰቀለ አምፖል የመሰለ መስታወት ያቺን ብልጭታ ያያል። ስለዚህ ከረጢቱ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። በመርፌ ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ ብርሃን እንኳ ነገሩን ሁሉ ያበላሸዋል።

ከየዩኒቨርሲቲው አንዳንድ ዶክተር መጣ። የከተማው ሰው ዲግሪያቸውን ስላላወቀ በያዙት ዕቃ ሰየማቸው። የውሃ ማጣሪያውን ያመጣው ረጅሙ "ባለውሃው" ተባለ። ሽቦና ኮምፒውተር ይዞ የመጣው "ባለገመዱ" ሆነ። መስታወቶቹን እንደ ሕፃን አቅፋ ከመኪና ያወረደችው ወጣት ደግሞ "ባለመስታወቷ" ሆነች። ባለመስታወቷ የጋሽ ሸራን የጓሮ ክፍል ተከራየች፤ እትዬ መቀስም በሳምንቱ ስለ ፀጉሯ አያያዝ ትቆጣት ጀመር፤ ይህም ወደደቻት ማለት ነው።

የትብብር ስምምነቱ በከተማው አዳራሽ ተፈረመ። የትብብሩ ሰብሳቢ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ንግግር አደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሦስት የተለያዩ ባነሮች አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን እንዲሰቀሉ ግማሽ ቀን ፈጀ። ድሩ አበረ። ሥራ ሲጀመር ግን ከረጢቱን የሚያመጣው ማን እንደሆነ ስምምነቱ ላይ እንደሌለ ታወቀ። ባለውሃው ባለገመዱ ያመጣል ብሎ ነበር፤ ባለገመዱ ባለመስታወቷ፣ ባለመስታወቷ ባለውሃው። ሦስቱም በወረቀት ላይ ሲተባበሩ ቆይተው ከረጢት በሌለው ሜዳ ላይ ተገናኙ።

ከዚያ ወደ ሸራ ቤት መጡ።

"ጋሽ ሸራ፣ ብርሃን የማያስገባ ነገር ይሰፋሉ?" አለ ባለውሃው።

"ሠላሳ ዓመት ውሃ የማያስገባ ሲሰፋ ኖሯል" አለች እትዬ መቀስ ቀድማ። "ብርሃን ከውሃ ይቀጥናል እንዴ?"

"ይቀጥናል፣ እትዬ።"

"እንግዲያው ወፍራም ነገር አምጡ" አለች።

ወፍራም ጥቁር ላስቲክ በመኪና መጣ። እትዬ መቀስ ወለሉ ላይ በጉልበቷ እየዳኸች ቆረጠች፣ ጋሽ ሸራ ሰፋ። መርፌ ስለሚበሳ፣ ስፌቱን ሁለቴ አጥፎ፣ በማጣበቂያ ለስኖ፣ በጋለ ብረት ተኮሰው። እጁ ከጥንቱ አልጎደለም፤ የጣቶቹ ዓይን አልጠፋም። እሱም በሥራው ላይ እምነት ነበረው፤ ይህ እውነት ነው፤ ለማታለል ብሎ የሰፋው አንድ ክንድ ስፌት የለም።

የመጀመሪያው ከረጢት ሲያልቅ ሜዳው ላይ በእንጨት ተሰቅሎ በማራገቢያ ተነፋ። በጎኑ እንደ እጅጌ ያለ መግቢያ አለው፤ ገብተው ከውስጥ ያስሩታል። ጋሽ ሸራ ጫማውን አወለቀ። ባለውሃው "ከእርስዎ ቀጥሎ እኔም አንዴ ልየው" ሲል እትዬ መቀስ መቀሷን ከመሬት አነሳች። ባለመስታወቷ ቶሎ ብላ ባልደረባዋን በክርኗ ጎሰም አደረገችውና የሸራ ሰፊዎችን ሕግ በጆሮው ነገረችው። ሦስቱም ዶክተሮች ከመምጣታቸው በፊት የአካባቢውን ማኅበረሰብ ባህል ስለ ማክበር ሥልጠና ወስደው ነበር። ባለውሃው ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ሥልጠናው ውጤት ያሳየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ሸራ ገባ፣ አሠረ፣ ተቀመጠ። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀ። አንጋጦ አየ፤ ዞሮ አየ። ምንም የለም። ደስ አለው። ከእውነቱ ከሆነ ደስ ያለው ለስፌቱ ብቻ አይደለም። ውጭ ሲሄድ ትከሻው ከበር መቃን ይጋጫል፣ ብርጭቆ ይደፋል፣ ከጎኑ ሰላም ያለውን ሰው ሳያየው ያልፋል። እዚህ ውስጥ ግን ባለውሃውም ቢገባ፣ ዶክተር ሁሉ ተሰብስቦ ቢገባ፣ ከእሱ የሚበልጥ የለም። ከሚገባው በላይ ቆየ። ወጥቶ እጁን አራገፈና "ንጹሕ ነው" አለ።

ሌሎቹም ከረጢቶች እንዲሁ ንጹሕ ሆኑ። ውሃው ተሞላ፣ መስታወቶቹ ወረዱ፣ ገመዱ ተቀጠለ፣ ሰብሳቢው ሪባን ቆረጠ።

በሳምንቱ ከጠፈር የሚመጣው ብናኝ ጠባዩ ታወቀ። ፀሐይ ስትወጣ ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ይበዛል፣ ደመና ሲመጣ ይቀንሳል፣ ሲመሽ ይጠፋል። ጠፈርን ያህል ነገር የሥራ ሰዓት አክብሮ ሲገባና ሲወጣ ታየ። ሦስቱ ዶክተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ብርሃን እየገባ ነው። በየት ገባ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከረጢቱ ተመርምሯል፤ ጋሽ ሸራ "ንጹሕ ነው" ብሏል። የቀረው መስታወቱ የሚገባበት አንገትና ገመዱ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነው። ባለገመዱ በአንገቱ በኩል ነው አለ። ባለመስታወቷ በገመዱ በኩል ነው አለች። ባለውሃው ውሃ ብርሃን እንደማያመነጭ በጽሑፍ አሳወቀ።

ስብሰባ በስብሰባ ሆነ። ጋሽ ሸራና እትዬ መቀስ "ባለድርሻ አካላት" ተብለው በየስብሰባው ይጠሩ ነበር። ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ፣ የታሸገ ውሃ ይሰጣቸዋል፣ አስተያየት አይጠየቁም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው፤ ስብሰባው በተበተነ ቁጥር ነገሩ ያው ነው። የባለገመዱ ዩኒቨርሲቲ ትልቅ ነው፤ የባለውሃው ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ቀስ በቀስ የሁሉም ጣት ወደ ባለመስታወቷ ዞረ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ባለመስታወቷ ከሸራ ቤቱ ደጃፍ ከጋሽ ሸራ ጎን ተቀመጠች። ሻይዋን ሳትጠጣው በረደ።

"ጋሽዬ፣ አይቀየሙኝና... ከረጢቶቹ ውስጥ ሲገቡ አንድም ነገር አላዩም? ትንሽዬም?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አለ ጋሽ ሸራ። ከአፉ ከወጣ በኋላ የማለው በምን እንደሆነ ተሰማው።

"አምንዎታለሁ" አለች። "አንገቱን ደግሜ ልየው እንግዲህ።"

እትዬ መቀስ ትራፊ ነገር መጣል የማትወድ ሴት ናት። ከከረጢቶቹ የተረፈውን አንድ ቁራጭ ላስቲክ፣ ስፌቱ እንዳለ፣ በመኝታ ቤታቸው መስኮት ላይ መጋረጃ አድርጋ ሰቀለችው። በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሸራ የነቃው በቁጣዋ ነው።

"አንተ ሰውዬ! ይሄ መጋረጃ ነው ወንፊት? ፊቴ ላይ ፀሐይ ዘራህብኝ እኮ!"

ጋሽ ሸራ ቀና ብሎ አየ። መስኮቱ ላይ የተሰቀለው ጥቁር ነገር ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር።

"የቱ ጋ?"

"የቱ ጋ ይለኛል! ስፌቱን ተከትሎ አይደል እንዴ? ይሄው፣ ይሄው፣ ይሄው!" ጣቷ ጥቁሩ ላይ ከቦታ ቦታ ዘለለ።

"እሱ... ያልተለሰነው ቁራጭ ነው" አለ።

"እንደዚያ በለኝ" ብላ ተነስታ ወጣች። እሱ አልጋው ላይ ቀረ። ቁራጩን በገዛ እጁ ለስኖ፣ በገዛ እጁ ተኩሶታል። ከከረጢቶቹ ጋር አንድ ቀን፣ በአንድ ማጣበቂያ የተሠራ ነው። ተጠግቶ ስፌቱን ዳበሰ፤ ማጣበቂያው ደርቆ፣ ላስቲኩ ሲታጠፍ እንደ ቅርፊት እየተሰነጠቀ ነበር። ጣቱ ስንጥቁን አገኘው። ዓይኑ አላገኘውም። ያቺን ጠዋት አምርሮ አለቀሰ፤ ሚስቱ እንዳትሰማውም አፉን በአንሶላ ያዘ።

አውቆ ዝም ያለባቸው ቀናት ከዚያ ጀመሩ። ጥፋቱን ለራሱ ሲያስረዳ ጥሩ ጠበቃ ሆኖ ተገኘ፦ ምናልባት በአንገቱም ይገባ ይሆናል፤ ምናልባት እነሱ ተማሩ የተባሉ ሰዎች ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ምናልባት ብናኙ ቀን ቀን የሚመጣ ዓይነት ይሆናል። ባለመስታወቷ ግን በየማታው ከሜዳው እጇ በሙጫ ተለቅልቆ ትመለስና ራት ሳትበላ ትተኛለች። እትዬ መቀስ "ይቺ ልጅ እኮ እየከሳች ነው" ትለዋለች። እሱ ወደ ማሽኑ ያጎነብሳል።

ከዚያ የውሳኔው ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው የተጻፈውን አነበበ፤ መስታወቶቹ በሙሉ ወርደው ይመለሳሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ባለሙያ ይልካል፣ እስከዚያው የአሁኗ ባለሙያ ከሥራው ትነሳለች። ባለመስታወቷ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ የእስክሪብቶ ክዳን ታዟዙር ነበር። አልተከራከረችም። መከራከሩ አልቆባት ነበር።

"ሌላ አስተያየት ከሌለ..." አለ ሰብሳቢው፣ አስተያየት እንደሌለ እርግጠኛ ሆኖ።

ጋሽ ሸራ ከኋላ ተነሳ። ሲነሳ የጎኑን ወንበር ጣለው።

"ቀዳዳው የኔ ነው" አለ።

አዳራሹ ዞሮ አየው።

"ዓይኔ ታሟል። ዓመት አልፎታል። ፊት ለፊቴን አያለሁ፣ ዳር ዳሩ የለም፤ ጭል ጭል የሚል ነገር ደግሞ ጭራሽ አይታየኝም። ከረጢቱ ውስጥ ጨለማ ነው ያልኳችሁ ለኔ ጨለማ ስለነበረ ነው። ስፌቱ ተሰነጣጥቋል። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም።" ትንሽ ቆመና፣ "የሲሚንቶውም አይጥ አልነበረም" አለ፤ ይህን ማንም አልጠየቀውም፤ ከተናገረ አይቀር ብሎ ነው።

ከዚያ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባንድ ላይ ተነፈሱ። ጥፋቱ የአንዳቸውም አልነበረም! ባለገመዱ ፈገግታውን ለመደበቅ ታገለ። ባለውሃው የማየት አቅሙ በመቶኛ ስንት እንደሆነ ጠየቀ፣ መልስ ግን አልጠበቀም። ሰብሳቢው ችግሩ ከሦስቱም ተቋማት ውጭ መሆኑ በሙሉ ድምፅ መታወቁን በቃለ ጉባዔ አስያዘ፤ አንድ ሰው እንዲያውም ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ነበር። ባለመስታወቷ ብቻ ወደ ኋላ መጥታ የጋሽ ሸራን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

ጋሽ ሸራ ወደ ጎኑ ዞረ። የእትዬ መቀስ ወንበር ባዶ ነው። በሩ ሲዘጋ ሰማ።

ቤት ሲደርስ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ አገኛት። መጀመሪያ ሊዳብሰው የፈለገው ቁጣዋን ነበር፤ ቁጣ አልነበረም።

"ለሦስት ዩኒቨርሲቲ ነገርክ" አለችው። "ለሰብሳቢው ነገርክ። ውሃ ለምታድለው ልጅ ሳይቀር ነገርክ። ለኔ ግን እዚያው ኋላ ወንበር ላይ ካለው ሕዝብ ጋር።" ከዚያ በኋላ ዝም አለች።

እትዬ መቀስ ዝም ስትል ቤቱ ራሱ ይደነግጣል። ያን ሰሞን መቀሱ ሲቆርጥ ብቻ ይሰማ ነበር። ጠብታውን ከጣሳው ውስጥ ፈልጋ አወጣችው፤ ጠዋት ጠዋትና ማታ ማታ ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ቋ! አድርጋ ታስቀምጥለትና ትሄዳለች። የሚቆረጠው ሸራው ሳይሆን እሱ ራሱ ቢሆን ይሻለው ነበር። የፈራው ደግሞ በሌላም በኩል ደረሰ። ሾፌሮቹ ጨዋ ናቸው፤ ክፉ አልተናገሩም። "ጋሽ ሸራ፣ ለጊዜው አላስፈለገንም" እያሉ ያዘዙትን ሸራ ሳይሰፋ ይዘው ሄዱ። ባለሲሚንቶው ብቻ በመኪናው እያለፈ አንገቱን በመስኮት አወጣና "አይጥ!" ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው፤ ማንም አልፈረደበትም።

ባለመስታወቷ ከጓሮ ክፍሏ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ስለ ነገሩ ብዙ እንዳሰበችበት ያስታውቃል።

"ከረጢቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው መጠገን አለባቸው። ሌላ ሰፊ እንጥራ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ እኔ አይሆንም አልኩ። ግን ጋሽዬ... ውስጥ ገብቶ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ሕጋችሁን አውቃለሁ።"

ጋሽ ሸራ እጆቹን አየ። እትዬ መቀስ መቁረጧን አቆመች።

"እኔ እገባለሁ" አለች።

ለእሱ ከዚህ ይልቅ ስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ቢቆም ይቀለው ነበር። ሠላሳ ዓመት ከሸራው ሥር እሱ ብቻ ነው የገባው። የሰው ዓይን በስፌቱ ላይ ካረፈ፣ ያውም የእሷ፣ ከሰፊነቱ ምን ይቀራል? እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ ልጅቷም እምቢ ቢል እንደምትቀበለው ፊቷ ላይ ነበር።

"ግቢ" አለ።

ሜዳው ላይ የመጀመሪያው ከረጢት ውሃው ተደፍቶ፣ ደርቆ፣ እንደ ጥንቱ ተሰቅሎ ተነፋ። እትዬ መቀስ ቀሚሷን ሰብስባ በእጅጌው ገባች፣ አሰረች። ጋሽ ሸራ ማጣበቂያና ጨርቅ ይዞ ውጭ ቆመ። ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀ። ከዚያ፦

"ኧረ ጉድ! ኧረ የኔ ጉድ! አንተ ሰውዬ፣ ሰማይ ከነኮከቡ ነው እንዴ የሰፋኸው?"

ከስብሰባው ቀን ወዲህ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ጋሽ ሸራ የማጣበቂያውን ክዳን ከፈተ። "ከየቱ ልጀምር?" አለ።

"ከፈለግከው! ከየትም ብትጀምር አትሳሳትም!"

ጣቱን ስፌቱ ላይ አስቀምጦ ቀስ እያለ ሄደ። "እዚህ?"

"ወደ ግራ።"

"እዚህ?"

"የኔ ግራ አልኩህ እኮ!"

"ያንቺ ግራ የት እንዳለ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሴትዮ?"

"ሠላሳ ዓመት አብረኸኝ ኖረህ ግራዬን አታውቅም! ... በቃ! ጠፋ። እሱን ያዘው። ለስነው።"

እንዲህ እየተነታረኩ ዋሉ። ባለመስታወቷ መሰላሉን ይዛ፣ አንዴ ወደ ሰማይ አንዴ ወደ መሬት እያየች ላለመሳቅ ትታገል ነበር። ያ ከረጢት ተመልሶ በውሃ ተሞላ፤ ብናኙም ቀን ከሌት ሳይለይ እኩል ሲዘንብ በባለገመዱ ኮምፒውተር ላይ ታየ። ሁለተኛውም ወጣ፣ ሦስተኛውም። በመጨረሻው ከረጢት ላይ ሁለቱ ብዙም አልተጨቃጨቁም፤ እጁ የእሷን ግራ ለምዶ ነበር።

የመጨረሻዋ ቀዳዳ ስትደፈን ከውስጥ፣ "ግባ" አለችው።

"ለምን? አንቺ አይተሽው የለ?"

"ግባ አልኩህ!"

ገባ፣ ከኋላው አሰረ። እሷ ቆማ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ የት እንዳለች ጠፍቷት ነበር። እሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ እጇን ያዘና አስቀመጣት፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ማራገቢያው ከውጭ ያጉረመርማል።

"ምን ይታይሃል?" አለችው።

"ምንም።"

"እውነቱን ንገረኝ።"

"ምንም አይታየኝም።"

"እኔም" አለች። ቀጥላም፣ "ውጭስ? ውጭ ስትሆን እንዴት ነው የማይህ... እንዴት ነው የምታየኝ?"

"ፊትሽ አለ" አለ ጋሽ ሸራ። "አፍንጫሽን ሳይ ጆሮሽ የለም። ጆሮሽን ፈልጌ ስዞር ደግሞ አፍንጫሽ ይሄዳል።"

"ጆሮዬን በበቂ አይተኸዋል።" ጠጋ አለችው። "ለምን አልነገርከኝም?"

"እንዳታዝኚልኝ ብዬ።"

"ታዲያ ሐዘኔን ለማን ላስቀምጠው ኖሯል?" ብላ አለቀሰች፤ እሱም አለቀሰ። እጁን አልለቀቀችም።

ከውጭ የከረጢቱ ጎን ተንኳኳ። ባለውሃው ነው።

"እትዬ! ብርሃን አለ?"

"የለም!"

"እርግጠኛ ነዎት? ቃለ ጉባዔ ላይ ሊጻፍ ነው። ያየው ማነው ይባል?"

እትዬ መቀስ አፍንጫዋን በሻሿ ጠረገች።

"ሁለታችንም አይተናል" አለች።